ዝግ ያለ ሙዚቃ በቤተ መጻሕፍት

የዱከምን ዋና መንገድ ታውቁታላችሁ። ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ የሚያልፈው የከባድ መኪና ድምፅ፣ የባጃጁ ጥሩንባና የሱቁ ድምፅ ማጉያ ተደራርበው ይውላሉ። እሑድ ጸሎት ቤት ስንገባም ድራሙና ስፒከሩ ይቀበሉናል። እንዲህ ባለ ከተማ የሚያድግ ወጣት ዝግ ያለ ሙዚቃ የት ቁጭ ብሎ ያድምጥ? የእኔ መልስ «ቤተ መጻሕፍት» የሚል ነው። ነገሩ እንግዳ ቢመስላችሁ አልፈርድባችሁም፤ ቤተ መጻሕፍትን የምናውቀው ዝም በሉ የሚባልበት ቦታ አድርገን ነውና።

ሐሳቡ ግን አዲስ አይደለም። በዋሽንግተን የሚገኘው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1925 ኤልዛቤት ስፕራግ ኩሊጅ በተባሉ ሴት ስጦታ የሙዚቃ አዳራሽ ተሠራለት። አዳራሹ 500 ያህል ሰው ብቻ የሚይዝ ነው። የአሮን ኮፕላንድ «አፓላቺያን ስፕሪንግ» እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 1944 ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው እዚያ ነበር። ቦታው ጠባብ በመሆኑ ሥራው ለ13 መሣሪያዎች ብቻ ተጻፈ፤ ደራሲው በኋላ ለትልቅ ኦርኬስትራ አሰፋው። ሁለቱን አወዳድራችሁ ስሙ። ኦርኬስትራው ግርማ አለው፤ በ13ቱ ውስጥ ግን እያንዳንዱ መሣሪያ እንደ አንድ ሰው ሲናገር ይሰማል። ጥበቱ ሥራውን አላኮሰሰውም። ደግሞም ልብ በሉ፤ ሙዚቃው የራሱ አዳራሽ ስላለው የሚያነብን ሰው አይረብሽም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ክፍል የሚስማማ ሙዚቃ ከአገራችን ብትጠይቁኝ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ አስቀድማለሁ። እማሆይ እ.ኤ.አ. በ1923 በአዲስ አበባ ተወልደው በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፉ የኦርቶዶክስ መነኩሲት ናቸው። በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተማሩ፤ በኋላ በግሸን ማርያም ገዳም ዓመታት ኖሩ። ሥራዎቻቸው በ2006 በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 21ኛ ቅጽ ሲወጡ ዓለም አወቃቸው። ከሙዚቃቸው የሚገኘው ገቢም ለችግረኛ ልጆች እንዲውል ይፈልጉ ነበር።

«ዘ ሆምለስ ዋንደረር» የሚባለውን ሥራቸውን ውሰዱ። ቀኝ እጅ የአገራችንን ቅኝት ይዞ ይንቆረቆራል፤ ግራ እጅ ቀስ እያለ ይከተላል። ምቱ እንደ ሰዓት አይቆጥርም፤ እንደሚያስብ ሰው ይቆማል፣ ይቀጥላል። በስፒከር አጉልታችሁ ብትከፍቱት ይሞታል። ሰው እያወራ ብትሰሙትም ከሆቴል የጀርባ ሙዚቃ አይለይም። ውበቱ የሚገለጠው ለሚያደምጥ ብቻ ነው። ነቀፌታም አለኝ፤ ቅጹን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ ስትሰሙት ቁርጥራጮቹ መመሳሰል ይጀምራሉ። ሦስት ወይም አራት ብቻ መርጦ መስማት ይሻላል።

በገናም እንዲሁ ነው። 10 አውታሮች ያሉት፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ የሚነዝር መሣሪያ ነው፤ ለጭፈራ ሳይሆን ለጸሎትና ለተመስጦ ይደረደራል። አለሙ አጋ ሲደረድሩና ሲያዜሙ ብትሰሙ፣ ቃሉ ሹክ እንደሚባል ምክር ወደ ጆሮ ይገባል። ሺህ ሰው በሞላበት ሜዳ ያለ ማጉያ አይሰማም፤ ሠላሳ ሰው በተቀመጠበት የንባብ ክፍል ግን ከበቂ በላይ ነው።

«ታዲያ መዝሙረኛው በጸናጽልና በከበሮ አመስግኑ አላለምን?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ብሏል፤ እኔም እልልታን አልነቅፍም። ዝግ ያለ ሁሉ ቅዱስ፣ የጮኸ ሁሉ ሥጋዊ ነው ማለትም ስሕተት ነው። ግን ያው የመዝሙር መጽሐፍ የሚያለቅስ፣ ንስሐ የሚገባ፣ ግራ ገብቶት የሚጠይቅ ሰውም አለበት። ዳዊት በሳኦል ፊት ሲደረድር አዳራሽ ለማናወጥ አልነበረም፤ የተጨነቀን ሰው ለማሳረፍ ነበር። ኤልያስም በኮሬብ ከነፋሱ፣ ከምድር መናወጡና ከእሳቱ በኋላ የመጣውን ለስላሳ ድምፅ ሰምቶ ነው ፊቱን የሸፈነው። ዝማሬያችን ሁሉ ከፍ ባለ ድምፅ ብቻ ከሆነ፣ ሥራ ያጣው ወንድማችንና እናቷን የቀበረችው እኅታችን ኀዘናቸውን በየትኛው ዜማ ያቅርቡ? እያጨበጨቡ ውስጣቸው ዝም ብሎ ሲቀር እኛ «ተባርከዋል» ብለን እናልፋለን። የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ስለዚህ የኅብረታችሁ መሪዎች ይህን ሞክሩ። በከተማችሁ የንባብ ክፍል ካለ ኃላፊውን አስፈቅዱ፤ ከሌለም የቤተ ክርስቲያኑ የመጻሕፍት ክፍል ይበቃል። አንባቢ የማይረበሽበትን ሰዓት ምረጡ። አንድ ጊታር ወይም አንድ ክራር፣ አንድ ድምፅ፣ ያለ ማይክራፎን ይሁን። ዐርባ ደቂቃ አይለፍ። በየዜማው መካከል ጭብጨባው ይቅርና አንድ ደቂቃ ዝም በሉ። መጀመሪያ ዝምታው ይከብዳችኋል፤ አንዱ ያስላል፣ ሌላው ስልኩን ይነካካል። ታገሡ። ከዚያ በኋላ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ሲተነፍስ ትሰማላችሁ፤ ምናልባትም ሲያለቅስ። ያን ጊዜ አትቸኩሉ፤ መርሐ ግብሩ ይቆይ፣ ከጎኑ ተቀመጡ።