«ጎተራ» የማን ነው?

ለአዲስ አበባ ሰው «ጎተራ» የታክሲ ረዳት የሚጠራው ሰፈር ነው። ለዜና ጸሐፊ ደግሞ ጎጃምን፣ አርሲን ወይም ወለጋን በአንድ ሐረግ ጠቅልሎ የሚያልፍበት ማወደሻ፣ «የአገሪቱ የእህል ጎተራ» ነው። ሐረጉ ያማረ ይመስላል። ይሁንና ቃሉን ከገበሬው ጓሮ ነቅሎ ሲወስድ ባለቤቱን ጥሎት ይሄዳል።

ለመሆኑ ጎተራ ምንድነው? ከልምጭ ወይም ከቀርከሃ ተጎንጉኖ፣ በጭቃና በእበት ተመርጎ፣ ከምድር ከፍ ብሎ የሚቆምና ሣር የሚከደን የደጅ ቤት ነው። ታናሽ ዘመዱ ጎታ ቤት ውስጥ ይቀመጣል፤ ከጭቃ፣ ከእበትና ከጭድ የሚበጀውም በአብዛኛው በሴቶች እጅ ነው። ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ ናቸው። የክረምቱን ቀለብና የከርሞውን ዘር እያሰላ የሚከፍታቸው ያው ቤተሰብ ነው።

ወደ ነቀምቴ ዘለቅ ሲሉ ሌላ ቃል ይጠብቃል፦ «ጎምቢሳ»። ቶሎ ብለን «ጎተራ ማለት ነው» ብለን እንተረጉመዋለን። ትርጉሙ ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው። ጎምቢሳ ብዙ ጊዜ ግድግዳው አይመረግም። ወለጋ ዝናብ የማያጣው የበቆሎ አገር ነውና፣ በቆሎው ከነዛላው ሲከመር ነፋስ ካላገኘ ይሻግታል። ያልተመረገው ግድግዳ እንግዲህ የስንፍና ሳይሆን የዕውቀት ምልክት ነው። ኦሮምኛ «ጎምቢሱ» መድፋት፣ መገልበጥ ማለት ነው። የሣር ክዳኑን የተደፋ ዕቃ አስመስሎ ማየት ያጓጓል። ነገር ግን የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ዝምድናን አያስረግጥም፤ ቃል ወዳዶች ብዙ ጊዜ የምንወድቀው እዚህ ላይ ነው።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ደርግ ወደ 600 ሺሕ የሚጠጋ ሕዝብ ከድርቅ አካባቢዎች አንሥቶ ሲያሰፍር፣ ወለጋ ብዙዎቹን ተቀበለች። አንገር ጉቲንም ከሰፈራ ጣቢያዎቹ አንዷ ነበረች። የወሎ ገበሬ «ጎተራ»ን በአንደበቱ ይዞ «ጎምቢሳ» ከቆመበት አገር ደረሰ። ሁለቱ ቃላት ጎረቤት ሆኑ ማለት ነው።

በዚያው ዘመን ሦስተኛ ቃል ከሁለቱም በላይ ገንኖ ነበር፦ «መጋዘን»። ከዐረብኛው «መኽዘን» ተነሥቶ በጣሊያንኛ በኩል ደርሶናል፤ የሒሳብ ሹሙ «ካዝና»ም የዚያው ሥር ልጅ ነው። ፈረንጆች መጽሔትን «ማጋዚን» ማለታቸው ከዚሁ ቃል የመጣ ነው፤ በ1731 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የወጣ አንድ መጽሔት የጽሑፍ ማከማቻ ነኝ ብሎ ስሙን ወሰደው። የእኛ ገበሬ ግን መጋዘንን የሚያውቀው በኮታ ነው። በ1982 ዓ.ም. የኢኮኖሚ ፖሊሲው እስኪለወጥ ድረስ፣ ከጎተራው እየሰፈረ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ያስረክብ ነበር።

ክርክሬም ይኸው ነው። ጎተራን የሚከፍት ባለቤቱ ነው፤ መጋዘንን የሚከፍት ቁልፍ ያዡ። አንድን አገር «ጎተራችን» ስንል አብዛኛውን ጊዜ «መጋዘናችን» ማለታችን ነው፤ የምናስበው ከዚያ የሚወጣውን እንጂ እዚያ የሚኖረውን አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በጊዳ አያናና በኪረሙ አካባቢ በደረሰው ግጭት ኦሮሞውም አማራውም ከቀዬው ሲፈናቀል፣ ባለጎተራውም ባለጎምቢሳውም እህሉን ትቶ ነው የወጣው። ያን ጊዜ «የእህል ጎተራ» የሚለው ውዳሴ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ታየ። ቃሉን ማክበር የሚጀምረው የማን ጎተራ እንደሆነ ከመጠየቅ ነው።