ግራኙ የገና መቺ

መርጡለ ማርያም አካባቢ በገና ዕለት ሜዳ ላይ ግራኝ መቺ ከተገኘ ዓይኔ ከእሱ አይነቀልም። ቀኞቹ ሩሯን፣ የጨዋታውን ኳስ፣ ሲያጎኗት ከየት በኩል እንደምትመጣ ተከላካዩ ለምዶታል፤ ቅልጥሙን የሚያሸሽበትንም ያውቃል። ግራኙ ግን ዱላውን ከወዲያኛው ትከሻ ያነሣል። ተከላካዩ እግሩን እስኪያዞር ሩሯ ባልጠበቀው ጎን ሹልክ ትላለች፤ ከዚያ በኋላ ሩጫ ነው።

እንዲህ ያለው ብርቅነት በክሪኬትም አለ። ኳስን በግራ እጅ አንጓ እያሾረ የሚወረውር በዓለም ጥቂት ነው። ህንዳዊው ኩልዲፕ ያዳቭ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ዳራምሳላ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በቴስት ግጥሚያ ተሰልፎ፣ በመጀመሪያው ዙር አራት አውስትራሊያውያን መቺዎችን አስወጥቷል። የኳሱን መታጠፊያ ከእጁ ላይ ማንበብ ቀላል አይደለም።

የእኛን ግራኝ የጠቀመው ግን ዱላው ጭምር ነው። የገና ዱላ ጫፉ የተቆለመመ ድቡልቡል እንጨት ስለሆነ በየትኛውም ጎኑ ይመታል። የዓለም አቀፉ ሆኪ ዱላ አንድ ጎኑ ብቻ ጠፍጣፋ፣ ለቀኝ መቺ የተበጀ ነው፤ ለግራኝ የሚሆነውን ደንቡ አይፈቅድም። እረኛ ከዛፍ ቆርጦ ያቃናው ዱላ ከፋብሪካው ይበልጥ ቸር ነው ብል አድልዎ አይሁንብኝ።