ከመተማ የወጣ ጥናት ለማን ይመለሳል?

ስለ መተማና ስለ ምዕራብ ጎንደር ቆላ የተጻፈው ጥቂት አይደለም። ሰሊጡ፣ ሰፈራው፣ በገላባት በኩል ወደ ሱዳን የሚደረገው ስደት፣ ካላዛሩ፣ ሁሉም ተጠንቷል፤ አብዛኛው የታተመው ግን በእንግሊዝኛ ነው። የተለመደው ቅሬታ «ወደ አማርኛ ይመለስና ሕዝብ ያንብበው» የሚል ነው። ተገቢ ቅሬታ ነው፤ «ሕዝብ» የተባለው ማን እንደሆነ ግን አይነግረንም። እዚህ ቆላ ደግሞ መረጃ የሰጠው የቀን ሠራተኛ ውጤቱ በሚነገርበት ቀን አገሩ ገብቷል።

የቀን ሠራተኛው ከደጋ የሚወርደው ለአረምና ለአጨዳ ነው። የደረሰ ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በመስከረምና በጥቅምት ሠራተኛ ይጎርፋል፤ ብዙው ሜዳ ላይ፣ ከግራር ሥር ያድራል። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትራባውም በግራሩ አካባቢና በተሰነጣጠቀው ዋልካ ውስጥ ነው። በሽታው ካልታከመ ይገድላል። በሁመራና በመተማ ቆላ ለአሥርት ዓመታት የታወቀ ነበር። በ1997 ዓ.ም. በደጋው፣ ሊቦ ከምከም ላይ ወረርሽኝ ሲነሣ ግን መጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው። ካላዛር መሆኑ የተረጋገጠው ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ሲሆን፣ ከቆላ እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች ሳያመጡት እንዳልቀሩ የተጻፈውም ከዚያ ወዲያ ነው።

ይህን መዘግየት የላብራቶሪ እጥረት አድርጎ ማየት ይቻላል። ለእኔ ግን የማኅበራዊ ጥናት ጉድለትም ነው። ማን፣ በየትኛው ወር፣ ከየት ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ የደጋ ጤና ባለሙያ «አጨዳውን የት ነበርክ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃው ነበር። ለዚያ ጥያቄ መሣሪያ አያስፈልግም።

ለሕዝብ በአማርኛ የማሰብ ልማድ አዲስ አይደለም። አባቱ ከአፄ ዮሐንስ ጋር ዘምቶ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ የወደቀበት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የሥራንና የሀብትን፣ የንግድንና የጉምሩክን ነገር ለተራ አንባቢ በሚገባ አማርኛ ተንትኗል። ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር እንዴት እንደሚጎዳ ያስረዳበት ክፍል ዛሬ ለሰሊጥ ነጋዴ ቢነበብ ማብራሪያ አይፈልግም። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ገብረ ሕይወት ስለ ገበሬው ይጽፋል እንጂ ለገበሬው አይጽፍም፤ ዓይኑ ያለው አስተዋይ ንጉሥ ላይ ነው። ይህን ጉድለት አማርኛውን ሳንወርስ ወርሰነዋል እላለሁ።

የዛሬው ቤተ መንግሥት ጥናት የሚቀርብበት አዳራሽ ነው። በ1990 ዓ.ም. የተቋቋመው የማኅበራዊ ጥናት መድረክ የፖሊሲ ክርክርን ከቢሮ አውጥቶ ለሕዝብ ውይይት ማቅረቡ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ጎንደርም ይሁን ገንዳ ውኃ፣ አዳራሽ የሚገባው ደብዳቤ የደረሰው ሰው ነው። ከጥናቱ መጨረሻ የማይጠፋውን «ግንዛቤ ማስጨበጥ ያስፈልጋል» የሚል ምክረ ሐሳብ ልብ ይሏል። አላዋቂው ሠራተኛው ነው ተብሎ አስቀድሞ ተወስኗል ማለት ነው። ሠራተኛው ግን ከግራር ሥር የሚተኛው ሌላ ማደሪያ ስለሌለው ነው፤ ሕመሙን የሚደብቀውም ሕክምናው ለ17 ቀናት በየቀኑ መርፌ ስለሚጠይቅና የእነዚያን ቀናት ሒሳብ የሚከፍለው ስለሌለ ነው።

ስለዚህ ጥናቱ መድረስ ያለበት ሰው ለአጨዳ ሳይወርድ፣ በሐምሌ፣ በደጋው ገበያና በማኅበሩ ነው። የሚነገረውም አጎበር ስለመጠቀም ብቻ ሊሆን አይችልም። ማደሪያ የማን ግዴታ ነው? የታመመ ሰው ሒሳቡ እንዴት ይታሰባል? አጨዳው በሚጣደፍበት ወር የእርሻው ባለሀብት ሠራተኛውን የቱን ያህል ይፈልገዋል? እንዲህ ያለ ጥናት በሠራተኛው እጅ ሲገባ የድርድር ነጥብ ይሆናል። አጥኚው ይህን ያውቃል፤ በሚቀጥለው ዓመት ወደ እርሻው የሚያስገባው ባለሀብቱ መሆኑንም ያውቃል።