ኩፍ ያለ ባቄላ

እልበት ሲመታ ማየት የሚፈልግ ሰው ዓይኑን ክንድ ላይ ባያባክን ይሻለዋል። ክንድ ብዙ ይንቀሳቀሳል እንጂ ብዙ አይናገርም፤ ሥራው ያለው አንጓ ላይ ነው። እብናት ከተማ ውስጥ በሁዳዴ እልበታቸው በሰፈሩ የሚመሰገን አንዲት እናት አሉ። ገበቴውን በሁለት ጉልበታቸው መካከል አጥብቀው ይዘው ሲመቱ ማማሰያው ከሥር ይገባል፣ ይነሣል፣ ከመውረዱ በፊት ደግሞ በትንሹ ያጋድላል። ቁም ነገሯ ያቺ ማጋደል ናት። ማማሰያው ቀጥ ብሎ ቢወጣና ቢወርድ ማማሰል ብቻ ነው። አጋድሎ ሲወርድ ግን ላዩ ላይ ያለውን አየር ጠቅልሎ ይዞ ይገባል፤ የገባው አየር ተመልሶ እንዳይወጣም ሊጡ ከበላዩ ይታጠፍበታል። ይህን ሳይሰለቹ መደጋገም፣ ምቱን ሳያጣድፉ፣ ሳያዘገዩም መያዝ፣ ሙያው ይኸው ነው።

እልበት በልቶ ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልንገረው። የጾም ምግብ ነው። የባቄላ ዱቄት ከጥቂት አብሽ ጋር እንደ ገንፎ ይበስላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ውሃ ጠብ እየተደረገበት እስኪነጣና ኩፍ እስኪል ይመታል። ትግራይ ውስጥም ሕልበት ተብሎ በሰፊው ይታወቃል። ልማዱ በእንጀራ መብላት ነው፤ ዳቦ ላይ የሚቀባው ግን አላጣም። እንቁላል የለበትም፣ ወተት የለበትም፣ ስኳር የለበትም። ሲያዩት ግን የዘመኑ ልጅ ከሱፐርማርኬት በብልቃጥ ተገዝቶለት ዳቦው ላይ ከሚቀባው ነጭ ማርሽማሎ ጋር የአንድ ቤት ልጅ ይመስላል። ዝምድናው ከመልክ ያልፋል፤ እደርስበታለሁ።

የእብናትን ስም ሩቅ ያለው ዓለም የሰማው በሌላ ምክንያት ነው። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ዘመን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ረኃብተኞች የተጠለሉበት ጣቢያ እዚህ ነበር፤ በዚያው ዓመት ጣቢያው በግድ መበተኑም የዓለም ዜና ሆኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ እብናት የሚጻፈው አብዛኛው ስለ እጥረት ነው። ወጥ ቤቷን ዞር ብሎ ያየ ጥቂት ነው። እጥረት በጎበኘው አገር ጥቂት እፍኝ ዱቄት ገበቴ ሙሉ የሚሆንበትን ሥራ በዝምታ ማለፍ ለእኔ ንፉግነት ይመስለኛል።

ሥራው የሚጀምረው ገና ሰፌድ ላይ ነው። ባቄላው የደጋ ነው፤ የጉና ግርጌና የፋርጣ ማሳ የሚያበቅለው ዓይነት። መጀመሪያ ይለቀማል። ነቀዝ የበላው፣ የጠቆረው፣ የተጨማደደው ይወጣል። ለሽሮ ቢሆን በርበሬው ጉዱን ይሸፍንለት ነበር፤ እልበት ግን መሸፈኛ የለውም፣ ጥቂት የጠቆረ ፍሬ ነጩን ያደፈርሰዋል። ቀጥሎ ምጣድ ላይ ይታመሳል፣ ባለሙያም ከባለሙያ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ለሽሮ እንደሚደረገው እስኪቀላ አይቆይም። ልጣጩ እንዲላቀቅና ጥሬነቱ እንዲለቀው ያህል ብቻ ይታመስና፣ ቀለሙ ሳይለወጥ ይነሣል። እኚያ እናት የሚያውቁት በአፍንጫቸው ነው። ሽታው ከእሸት ወደ ቆሎ ሊሻገር ሲል፣ ሳይሻገር ያወጡታል። ከዚያ ይከካል፣ ይበጠራል፣ ይፈጫል፣ በወንፊት ይነፋል፤ ከወንፊቱ የወረደው እንደገና ይነፋል። በሁለት ጣት መካከል ሲታሽ የሚሻክር ዱቄት የቱንም ያህል ቢመታ ምላስ ላይ ይታወቃል።

ማመሱ ለመዓዛ ብቻ የሚደረግ ይመስላል። የደጋ ሰው ግን ስሙን ባይጠራውም ሌላ ምክንያት አለው። በአካባቢው ያለችው ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 91 ገደማ ላይ ነው። እብናት ከዚያ ዝቅ ብትልም እሷም ከፍ ካለ ቦታ ላይ ያለች ናት። ውሃ አንዴ ከፈላ ደግሞ የቱንም ያህል እንጨት ቢማገድበት ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ ባቄላ ለእንዲህ ያለ ለዘብተኛ ሙቀት ቶሎ አይሸነፍም። ደረቅ ምጣድ ይህ ገደብ የለበትም። ድስቱ ሊሰጥ የማይችለውን ሙቀት አስቀድሞ ምጣዱ ይሰጠዋል፤ ድስቱ የሚጨርሰው ምጣዱ የጀመረውን ነው።

ድስቱ ጋ ብዙ አልቆይም፤ ገንፎ ያገነፋ ሁሉ ያውቀዋል። ዱቄቱ በአንድ እጅ እየተነሰነሰ በሌላው ይማሰላል፣ እንዳይጓጉል። ጥሬ ጥሬ ማለቱ እስኪጠፋና ከድስቱ ግድግዳ መላቀቅ እስኪጀምር ይበስላል። ብዙ ሰው የሚያበላሸው ከዚህ በኋላ ነው፣ በመቸኮል። ትኩስ ገንፎ አየር አይዝም፤ የገባበት ሁሉ ቶሎ ሾልኮ ይወጣል። ደህና አድርጎ መቀዝቀዝ አለበት። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ላዩ ቆዳ ያወጣል፣ ያ ቆዳ ገበቴ ውስጥ ከገባ ተቆራርጦ ጓጓላ ይሆናል። እናታችን መዳፋቸውን በውሃ ያርሱና የገንፎውን ላይ አልፎ አልፎ ይዳብሱታል። እጃቸው ወደ ድስቱ የሚሄደው ከሰው ጋር እያወሩ፣ ሳያዩት ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ሲያደርጉ ቆዳ የሚባል አይታይበትም።

አብሹን እናንሣው። መጠኑ ትንሽ ነው፣ ከበዛ ይመራል። ያለ እሱ ግን ገበቴው ውስጥ ያለው ነገር እልበት ለመሆን ይቸገራል። አብሽ ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ልጋግ አለው፤ ኬሚስቶች ጋላክቶማናን ይሉታል። ባቄላው በበኩሉ ፕሮቲን ያመጣል። ማማሰያው አየር ሲያስገባ ፕሮቲኑ የእያንዳንዷን ጥቃቅን አረፋ ግድግዳ ይለብጣል፤ በአረፋና በአረፋ መካከል ያለውን ውሃ ደግሞ የአብሹ ልጋግ አወፍሮ ይይዘዋል፣ ቁልቁል እንዳይንጠፈጠፍ። ቢጫ የነበረው ሊጥ እየነጣ የሚሄደውም በዚሁ ነው። ቀለም አልተጨመረበትም፤ ብርሃን ሥፍር ቁጥር በሌላቸው አረፋዎች ላይ እየተበተነ ነው። አረፋው ባነሰ ቁጥር ንጣቱ ይጨምራል። ስለዚህ የእልበትን ንጣት የሚያይ ሰው የመቺውን ትዕግሥት እያየ ነው።

ውሃውም በዘፈቀደ አይጨመርም። በአንድ ጊዜ ቢፈስ ሊጡ ይቀጥንና ማማሰያው የሚይዘው ያጣል። በእፍኝ፣ አንዳንዴም በጣት ጫፍ ጠብ ጠብ ይላል፤ ቀጣዩ የሚጨመረው የፊተኛው ተጠጥቶ ሲያልቅ ነው። "መቼ ነው በቃ የሚባለው፣ እማማ?" ብዬ ስጠይቃቸው ቀና ሳይሉ፣ "ድምፁ ይነግርሃል ልጄ፣ አንተ ዝም በል እንጂ" አሉኝ። ዝም አልኩ። እውነትም ይናገራል። መጀመሪያ ላይ ምቱ ከባድና እርጥብ ነው፣ ሊጡ ማማሰያውን ይዞ አልለቅም ይላል። ቀስ በቀስ ድምፁ ይሳሳል፣ መካከል ላይ ጠፍቶ ይቆያል፣ በመጨረሻ ክፍት ክፍት ያለ፣ ቀላል ድምፅ ይሆናል። በዚህን ጊዜ ማማሰያው ሲነሣ ተከትሎት የሚወጣው ጫፍ ቆሞ ይቀራል፣ ከዚያም አንገቱን ብቻ ደፋ ያደርጋል።

ማርሽማሎ እቤቱ የሠራ ሰው ይህችን ጫፍ ያውቃታል። ድሮ ማርሽማሎ ይሠራ የነበረው ረግረግ ዳር ከሚበቅል አንድ ተክል ሥር በሚወጣ ልጋግ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ጣፋጭ ሠሪዎች ልጋጉን ከእንቁላል ነጭና ከስኳር ጋር ይመቱት ነበር፤ እልበት ውስጥ አብሽ የያዘውን ቦታ እዚያ የያዘው ያ ሥር ነበር ማለት ነው። በኋላ ጄላቲን ተካው። ዳቦ ላይ የሚቀባው ዓይነት ግን ጄላቲንም አያሻውም፣ የእንቁላል ነጭና ትኩስ የስኳር ሽሮፕ ይበቃዋል። አሜሪካ ውስጥ በማሳቹሴትስ፣ ሶመርቪል በተባለች ከተማ አርቺባልድ ኩዌሪ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1917 እቤቱ እየሠራ በር ለበር ይሸጠው ነበር። በ1920 አሠራሩን ዱርኪና ሞወር ለተባሉ ሁለት ሰዎች በ500 ዶላር ሸጠላቸው፤ በእነሱ እጅ የገባው ምርት ዛሬም ገበያ ላይ አለ።

ማርሽማሎውን እቤት መሥራት ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ነው። በአንድ በኩል የእንቁላሉ ነጭ አንዲት ጠብታ አስኳል ሳይነካው ይመታል፤ በሌላ በኩል ስኳር በውሃ ይፈላል። ሽሮፑ 115 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ በቀጭኑ እየተንቆረቆረ፣ ምቱ ሳይቋረጥ ወደ ነጩ ይገባል። ቢጣደፍ እንቁላሉ ይበስላል፣ ቢዘገይ ሽሮፑ ይጠጥራል። አሁን ይህን ከመጽሐፍ አንብቦ ደብረ ታቦር ላይ የሚሠራ ሰው 115ን ቢጠብቅ ማንኪያ የማይበሳው ነገር ይዞ ይቀራል። ውሃ እዚያ 9 ዲግሪ ያህል ቀድሞ ስለሚፈላ ሽሮፑም የሚፈለገው ውፍረት ላይ 9 ዲግሪ ያህል ቀድሞ፣ 106 አካባቢ ይደርሳል። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ይሻለዋል፦ ጠብታውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጥሎ በጣቱ ይሞክራል፤ ለስላሳ ሆኖ የሚድቦለቦልና ሲጫኑት የሚተኛ ከሆነ ደርሷል። ይህ ፈተና ባሕር ዳርቻም ጉና አናት ላይም አንድ ነው።

ሁለቱን ሳነጻጽር የማደላው ለእልበት ነው፤ ምክንያትም አለኝ። ማርሽማሎ ብዙ ረዳት አለው። ትኩሱ ሽሮፕ ነጩን በመጠኑ አብስሎ ያጸናዋል፣ ስኳሩ ውሃውን አወፍሮ ይይዘዋል፣ አረፋው በብልቃጥ ውስጥ ለሳምንታት ይቆማል። ለእልበት ስኳር አይደርስለትም። ያለው ባቄላ፣ ያለችው የአብሽ ልጋግና አንድ አንጓ ናቸው። በዚያ አቅም ያንን የሚያህል ልስላሴ ማውጣት የበለጠ ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 ጆኤል ሮሰል የሚባል ፈረንሳዊ ጥራጥሬ የተቀቀለበት ውሃ እንደ እንቁላል ነጭ ሲመታ አረፋ እንደሚሆን አሳየ። በቀጣዩ ዓመት ጉስ ዎልት የተባለ አሜሪካዊ ነገሩን አኳፋባ ብሎ ሰየመው፤ ዛሬ በሽንብራ ውሃ ማርሽማሎ የሚሠራው ብዙ ነው። የሮሰል ግኝትና እልበት አንድ አይደሉም፣ እሱ የመታው ውሃውን ነው፣ እዚህ የሚመታው ዱቄቱ ራሱ ነው። ነገር ግን 55 ቀን የሚዘልቀውን ዐቢይ ጾም ያለ እንቁላልና ያለ ወተት የሚያሳልፍ አገር፣ ጥራጥሬ አየር እንደሚይዝ በእጁ ያውቅ ነበር። (ለጾመኛ ልጅ ማርሽማሎ መሥራት የምትፈልጉ እናቶች የሽንብራውን ውሃ አትድፉት።)

አዲስ አበባ ውስጥ እልበትን በኤሌክትሪክ መምቻ የሚመቱ አሉ። ኃጢአት የለበትም፣ ክንድም ያሳርፋል፣ ንጣቱም ጥሩ ነው። ቅሬታዬ አንድ ነው፦ ሞተሩ ይጮኻል። እማማ ዝም በል ያሉኝ ለምቱ ድምፅ ነበር። በሞተር የሚመታ ሰው በሰዓት ወይም በዓይን ይፈርዳል፣ ዓይን ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚያውቀው።

ከምቱ በኋላ ያለው አጭር ነው፣ ሆኖም ቅደም ተከተሉ ይጠበቃል። ጨው፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና የጤና አዳም ቅጠል በቀስታ ይቀላቀላሉ። ዘይት ግን ገበቴው አጠገብ አይደርስም፤ ቅባት የአረፋውን ግድግዳ ያፈርሰዋል፣ አስኳል የእንቁላሉን ነጭ እንደሚያበላሸው ሁሉ። የኑግ ዘይት የምትፈስሰው ትሪ ላይ ከተዘረጋው እንጀራ መሐል ከተቀመጠ በኋላ ነው፣ ያውም በቀጭኑ። ሲቆርሱም ከዳር ይጀምራሉ። እስኪመሽ ቢቆይ ዝቅ ዝቅ ማለቱ አይቀርም። እማማ የተረፈውን አይጥሉትም፤ ሰናፍጭ ይበጠብጡና ጨምረውበት በማግስቱ ለምሳ ያቀርቡታል። ይኼኛው ኩፍ አላለም፣ ቀለሙም ወደ ቢጫ ተመልሷል፣ አፍንጫ ግን ይከፍታል፤ እብናት ውስጥ ለእሱም ቦታ አለው።