«ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው»

ከቢሮ ቢሮ የተንከራተተ ሰው ሁሉ «ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው» የምትለዋን አባባል ያውቃታል። በጨዋ አማርኛ «ሂድና እርሳው» ማለት ናት። አሜሪካኖች አንድን የእግር መንገድ ለማጥናት ሕግ ሊያወጡ ነው ሲባል የሳቅሁትም ለዚሁ ነው። እንዴ! ሰው የሚሄድበት መንገድ ምኑ ይጠናል?

ነገሩ ግን ወግ አለው። እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣው ሕግ መሠረት፣ አንድን ረጅም የእግር መንገድ በመልክዓ ምድሩ ውበት «ብሔራዊ» ብሎ የሚሰይመው ኮንግረስ ነው። መሬቱ የማን ነው? ወጪውስ ስንት ነው? ይህ አስቀድሞ ይጠናል፤ ጥናቱንም የሚያዘው ሕግ ነው። በጆርጂያ፣ በቴነሲና በሰሜን ካሮላይና ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚጓዘው የቤንተን ማካይ መንገድም በ2020ዎቹ እንዲህ ያለ ረቂቅ ቀርቧል። ማካይ በ1921 የአፓላቺያንን መንገድ ሐሳብ ያፈለቀው ሰው ነው።

ጥናት አልጠላም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ባለመሬቱን ሳይጠይቁ ካርታ ላይ መስመር ማስመርም በደል ነው። የኒው ኢንግላንድ መንገድ በግለሰቦች ይዞታ ጭምር ያልፋል፤ ጥናቱ በ2002 ታዘዘ፣ ስያሜው በ2009 መጣ። ሰባት ዓመት፤ ይሁን።

በዚያው በ2009 ሕግ የተሰየመው የፓሲፊክ ሰሜን ምዕራብ መንገድ ታሪክ ግን ሌላ ነው። ከሞንታና ተራሮች እስከ ፓሲፊክ ውቅያኖስ 1,900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥናቱ በ1976 ታዘዘ። በ1980 የወጣው ሪፖርት ደግሞ መንገዱ አያዋጣም፣ አያስፈልግምም አለ። በቃ፣ አለቀ! ግን በጎ ፈቃደኞቹ እሺ ብለው ቤታቸው አልገቡም። መንገዱን መሄዳቸውን፣ መጥረጋቸውን ቀጠሉ። ኮንግረስ ከ29 ዓመት በኋላ የሰየመው እነሱ ያቆዩትን ነው።

እንግዲህ የእኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። የጥናት ሕግ ሲጸድቅ ደጋፊዎች እንደ ድል ይጨበጨቡለታል። የጥናት ትእዛዝ ግን ስያሜ አይደለም፤ በራሱ አንዲት የእንጨት ድልድይ እንኳ አይጠግንም። አጥኚዎቹም የመሬቱንና የገንዘቡን ሒሳብ ሲሠሩ፣ መንገዱን ለዓመታት በጉልበቱ ያቆየውን ሰው አብረው ይቁጠሩት።

ረቂቁስ ይጽደቅ። «በጥናት ላይ ነው» ሲባል ግን እየሄዳችሁበት ጠብቁ።