ለስላሳው ድምፅና ዋጋው

ስለ ናት ኪንግ ኮል የሚሰነዘረው ወቀሳ ከሁለት ወገን ይመጣል። የጃዝ አፍቃሪዎች «ታላቅ ፒያኒስት ነበር፤ ለገበያ ሲል ጣቶቹን ሰብስቦ አንጎራጓሪ ሆነ» ይሉታል። የጥቁሮችን መብት ትግል ያስቀደሙት ደግሞ ነጮችን ላለማስቀየም አንገቱን ደፍቶ እንደኖረ አድርገው ይከሱታል። ሁለቱም ወቀሳ መሠረት የለውም አልልም። ይሁንና ሁለቱም ልስላሴን ከድክመት ጋር ያደባልቃሉ ባይ ነኝ።

ኮል በ1919 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአላባማ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ከተማ ተወልዶ ቺካጎ ያደገ የሰባኪ ልጅ ነው። በ1937 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ያቋቋመው ቡድን ፒያኖ፣ ጊታርና ባስ ብቻ ነበረው። ዘመኑ የትላልቅ ኦርኬስትራዎች ነበር፤ የእሱ ቡድን ግን ከበሮ እንኳ አልነበረውም። ከበሮ በሌለበት ምቱን የሚጠብቁት ሦስቱ ሰዎች ራሳቸው ስለሆኑ እያንዳንዱ ድምፅ ቦታውን ማወቅ አለበት። ኮል ሲዘፍንም ያደረገው ይህንኑ ነው። ቃሉን አይጎትትም፣ አያስጨንቅም፤ ጥርት አድርጎ ያስቀምጠውና ዝም ይላል። ዝምታው የዜማው አካል ነው።

ማይክሮፎን ከመምጣቱ በፊት ዘፋኝ አዳራሹን በሳንባው ጉልበት መሙላት ነበረበት። ማይክሮፎን ሹክሹክታን ለሺህ ሰው ማሰማት ሲችል፣ አድማጭን ጆሮው ሥር ቀርቦ ማነጋገር ተቻለ። በዚህ መንገድ ቢንግ ክሮስቢ ቀድሞታል፤ ኮል ግን የፒያኒስት ጆሮ ይዞ ገባበት።

በ1948 «ኔቸር ቦይ» በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቫዮሊኖቹ በዙ፣ ፒያኖው ራቀ። የጃዝ ሰዎች ቅሬታ እዚህ ላይ እውነት አለው፤ በ1950ዎቹ ካስቀረጻቸው ዘፈኖች አንዳንዶቹ ስኳር የበዛበት ሻይ ናቸው። ሆኖም በ1956 የተቀረጸውን «አፍተር ሚድናይት» የተባለ አልበም ያዳመጠ ሰው ጣቶቹ እንዳልዛጉ ይመሰክራል።

ያው 1956 የልስላሴው ዋጋ የተከፈለበት ዓመትም ነው። ኤፕሪል 10 ቀን፣ በተወለደበት ግዛት በበርሚንግሃም ከተማ፣ ነጮች ብቻ በታደሙበት ትርዒት ላይ ሲዘፍን ዘረኞች መድረክ ላይ ወጥተው ጣሉት። የጥቁሮች ጋዜጦች ደግሞ በዘር ለተከፋፈለ አዳራሽ በመዝፈኑ አብጠለጠሉት። ወቀሳው ተገቢ ነበር፤ እሱም በዚያው ዓመት ለጥቁሮች መብት የሚሟገተው አንጋፋ ማኅበር የዕድሜ ልክ አባል ሆነ። በኖቬምበር በኤንቢሲ ቴሌቪዥን በስሙ የተሰየመ ዝግጅት ጀመረ። ኤላ ፊትዝጄራልድና ሃሪ ቤላፎንቴን የመሰሉ ከዋክብት በእንግድነት ቀረቡለት። ነገር ግን ወጪውን በማስታወቂያ የሚሸፍን አገር አቀፍ ድርጅት ጠፋ፤ ነጋዴዎቹ የደቡብ ደንበኞቻቸውን ፈሩ። ዝግጅቱ በዲሴምበር 1957 ቆመ።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ ሸክላው በነጮች ሳሎን እንደ ልቡ ይገባል፣ ባለ ድምፁ ግን ደጅ ይቀራል። በ1948 በሎስ አንጀለስ፣ ሃንኮክ ፓርክ በተባለው የነጮች ሰፈር ቤት ሲገዛ ጎረቤቶቹ ተነሱበት። ኮል አልጮኸም፤ ቤቱንም አልለቀቀም። ቃሉን አስቀምጦ ዝም የሚለውን ዘፋኝ እዚህም አየዋለሁ።

ሲጋራ የማይለየው ይህ ሰው በፌብሩዋሪ 1965 በሳንባ ካንሰር ሲሞት ገና 45 ዓመቱ ነበር። በ1991 ልጁ ናታሊ ኮል አባቷ ያስቀረጸውን «አንፎርጌተብል» ከራሷ ድምፅ ጋር አዋህዳ አሳተመችው። ብዙዎች የቴክኒኩን ተአምር አደነቁ። እኔ የማደንቀው አባትየው በስንኝና በስንኝ መካከል የተወውን ሥፍራ ነው። አዳራሹን ብቻውን የሚሞላ ድምፅ ቢሆን ኖሮ ልጅቱ በየት በኩል ትገባ ነበር?