ስሙ ጥያቄ የሆነ ተውኔት

በእ.ኤ.አ. 1967 በእንግሊዝ ሀገር ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደው ገጣሚ ለምን ሲሳይ፣ «ኖርማን» እየተባለ በአጥባቂ የባፕቲስት ቤተሰብ ውስጥ አደገ። አሳዳጊዎቹ «ሰይጣን አድሮበታል» ብለው በ12 ዓመቱ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ መለሱት። «ሰምቲንግ ዳርክ» («አንዳች ጨለማ») በተሰኘው የአንድ ሰው ተውኔቱ ይህንኑ ሕይወቱን ብቻውን ቆሞ ይተርካል።

የተውኔቱ ልብ ስሙ ነው። እንግሊዛዊ ተመልካች ፍችውን እስኪነግሩት ይጠብቃል፤ አማርኛ ተናጋሪ ግን ስሙን ሲሰማ ጥያቄውንም ሰምቷል። ተውኔቱን ወደ አማርኛ እንመልሰው ብንል የሚያመልጠን ይኸው ነው፦ ባለስሙ ለገዛ ስሙ ባዳ የነበረበት ዘመን። እኛ ቀድመነው እናውቃለንና፣ መደነቁን አብረነው አንደነቅም።

እዚህ ናይሮቢ በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ አፋቸውን ለፈቱ ልጆቻችን ግን ተውኔቱ ትርጉም አያሻውም። እነርሱ የሚያሻቸው የስማቸውን ፍች የሚነግራቸው ሰው ነው።